ከሮቃው ሥር ስም ሲጠራ

ባለፈው ግንቦት ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሳችን ሸዋ ሮቢት ላይ ለምሳ ቆመ። በልተን ወደየወንበራችን ስንመለስ ሾፌሩ የተሳፋሪዎችን ዝርዝር ይዞ ስም ይጠራ ጀመር። አንድ ስም ላይ መልስ አጣ። ደግሞ ጠራ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ከስልኳ ቀና ሳትል «መንገድ ላይ ነው፤ ቀጥል» አለችው። ሾፌሩም በእስክሪብቶው ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። እኔ ተነሥቼ ወረድኩ።

«አባት፣ ልንንቀሳቀስ እኮ ነው!» አለኝ ሾፌሩ።

«ሰውዬውን ማን አየው?» አልኩት።

ሰውዬውን ከመንገዱ ማዶ ማንጎ ሲያስመዝን አገኘሁት። «ምነው አባቴ፣ ፖሊስ ነዎት እንዴ?» እያለ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ተከተለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። ሴትዮዋም «አላልኳችሁም?» አለች። ልክ ነበረች። ይቅርታ ጠይቄ ተቀመጥኩ። መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ በኩል ድሮ የማውቀው የሮቃ ዛፍ የነበረበትን ቦታ ፈለግሁ። ዛፉ የለም። በቦታው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ የሴራሚክ መሸጫ ነው።

በዚያ ዛፍ ሥር ስም ጠሪ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጊዜው ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ያሉበት፣ ነገር ግን ሰው ስለ ነገ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ማድረግ የጀመረበት ነው። ሮቢት ያኔ አንድ መንገድና ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ነበረች። ከአሰብ የሚመጡት ባለ ተሳቢ መኪኖች የደብረ ሲናን ዳገት ከመጋፈጣቸው በፊት እዚያ ቆመው ሞተራቸውን ያበርዱ ነበር። ሾፌሮቹ በዚያ ሙቀት የቆዳ ጃኬታቸውን አያወልቁም፤ ማዕረጋቸው ነውና። ከደጋ የወረደ ገበያተኛ ጋቢውን አጥፎ ትከሻው ላይ ይጭናል፤ የቆላው ሰው ደግሞ ሽርጡን እንዳገለደመ ከጥላ ወደ ጥላ ይሄዳል። ብርቱካን በስሙኒ ዐሥር ይሸጣል፤ ሻጩ ከሚያውቅህ ዐሥራ አንድ። አንድ ብርጭቆ ሻይ በዐሥር ሳንቲም ይጠጣል። ከነዳጅ ማደያው ቀጥሎ ባለው ማዕዘን አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ይውላል። ከሻይ ቤቱ ራዲዮ የክራር ዘፈን ሲመጣ የስፌት መኪናውን ፔዳል በዜማው ልክ ስለሚረግጥ፣ ዘፈኑ የፈጠነ ቀን የሰፋው ሱሪ ክሩ የሳሳ ነው ይባል ነበር። እኔ ግን በዚህ ምክንያት የተተረተረ ሱሪ በዓይኔ አላየሁም።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ በአንድ ጋዜጣ እሠራ ነበር። የጻፍኩት አጭር ዜና ስላልተወደደ «ለጊዜው ዕረፍት ውሰድ» ተባልኩና ወደ አባቴ ቤት ወረድኩ። ዜናው እውነት ነበር፤ ቅሬታዬም ኩራቴም ከዚያ ይመነጭ ነበር። አባቴ አቶ ተፈራ ዕድሜያቸውን በስልክ ቤት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለነበር የጡረተኞቹን ክለብ ደብተር ማንበብ አቅቷቸው ነበር። «ሥራ ፈት ከሆንክ ፊደልህ እንኳ ይጥቀመን» አሉኝ። በዚህ ሁኔታ የክለቡ ጸሐፊ ሆንኩ።

ክለብ ይሉታል እንጂ አንድ ዛፍ ነው። ትልቅ ሮቃ፤ ፍሬው ሲበስል መሬቱ በሚጎመዝዝ ሽታ ይሞላል፤ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲሸተኝ እሑድ ረፋድ ይመስለኛል። ከሥሩ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮችና ከተገለበጠ የጭነት መኪና የስፖንዳ ሳንቃ የተሠራ ጠረጴዛ ነበሩ። አባላቱ ጡረተኛ ሾፌሮች፣ የመንገድ ሠራተኞች፣ ሁለት ፖሊሶች፣ አንድ የትምባሆ እርሻ ዘበኛና አባቴ ናቸው። ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል ነበር። ክርስቲያኑ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ረፋዱ ላይ ይሰበሰባሉ። በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ፤ ሳምንት የሞላውን ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ በንባቡ መሀል ሁለት ሦስቱ ያንቀላፋሉ። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው፤ ኮት ያልለበሰና ባርኔጣ ያላደረገ አይቀመጥም። ወባ የሚያንቀጠቅጠው ሰው እንኳ ኮቱን ቆልፎ ይመጣል።

የክለቡ ሊቀመንበር ካፖ ወንድይራድ ነበሩ። ካፖ የተባሉት የመንገድ ሠራተኞች አለቃ ስለነበሩ ነው፤ ከደብረ ሲና ቁልቁል እስከ ጀውሃ ያለውን መንገድ ሠላሳ ዓመት ጠግነዋል። ከእሳቸው ትይዩ ሁልጊዜ የሚቀመጡት ጋሼ ይመር ናቸው፤ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ፣ ቀጭን፣ ጥርሳቸው በትምባሆ የጠቆረ ሰው። ሁለቱ ዳማ ሲጫወቱ ጠቡ ሁሌ ስለ መንገዱ ነው።

«ያንተ ጉድጓድ ስንት ጎማዬን በላው፣ ካፖ! ወላሂ የቂያማ ዕለት እጠይቅሃለሁ።»

«ጉድጓዱን ማን ቆፈረው? አንተው አይደለህ በዚያ ዝሆን በሚያህል ተሳቢህ? እኔ ደፋኝ ነኝ፣ አንተ ቆፋሪ።»

«ስትደፍንማ መች አየንህ። አካፋህን ተደግፈህ ነበር የምናልፍህ።»

«አንተን የመሰለ እብድ ሲመጣ ዳር መቆም እንጂ ምን ይደረጋል? ብላ፣ ተራህ ነው።»

አሁን ስለ ስም ጥሪው ልናገር፤ ሁሉም ነገር የሚዞረው በእሱ ላይ ነውና። ካፖ በሥራ ዘመናቸው በየማለዳው የሠራተኞቻቸውን ስም ይጠሩ ነበር። የዘገየ ሰው ሲኖር አጠገቡ የሚሠራው ጓደኛው «መንገድ ላይ ነው» ብሎ ይመልስለታል፤ የቀን ሒሳቡ እንዳይቀርበት። ካፖ ሰውዬው መንገድ ላይ ሳይሆን አልጋው ላይ መሆኑን እያወቁ ያልፉታል። ይህን ልማድ ክለቡ ወረሰው። ስብሰባው ሁሌ በስም ጥሪ ይከፈታል። ያለ ሰው «አለሁ» ይላል። ለሌለ ሰው ቅርቡ የተቀመጠው «መንገድ ላይ ነው» ይላል። የመጀመሪያው አባል ሲሞት በሚቀጥለው እሑድ ስሙን ለመሰረዝ የደፈረ አልነበረም፤ ሲጠራ ዝም ሆነ፤ ከዚያ ካፖ ራሳቸው «መንገድ ላይ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስም ተሰርዞ አያውቅም። ደብተሩ እኔ እጅ ሲገባ ሠላሳ አንድ ስም ነበረበት። በሕይወት የነበሩት ዐሥራ ሁለት ናቸው። ቁጥር አንድ ካፖ፣ ቁጥር ሁለት አባቴ፣ መጨረሻ የገቡት ጋሼ ይመር ሠላሳ አንደኛ ናቸው።

መጀመሪያ ስጠራ ግራ ገብቶኝ አባቴን ጠይቄያቸው ነበር። «የሞተውንና ሳይመጣ የቀረውን በምን ይለያሉ?» አልኳቸው።

«እኛ እናውቃቸዋለን» አሉኝ።

የጋዜጠኛ ሕሊናዬ አልተቀበለውም። ግን እንግዳ ነኝ ብዬ ተውኩት፤ ቀስ በቀስም ለመድኩት፤ እንዲያውም ወደድኩት። ሮቃው ሥር ዐሥራ ሁለት ሽማግሌ ተቀምጦ ሠላሳ አንድ ሰው መልስ ሲሰጥ ቦታው የሞላ ይመስላል። አንዳንዱ ለሞተው ሲመልስ ይጨምርበታል፤ «መንገድ ላይ ነው፤ ካራቆሬ ጎማ ፈንድቶበት» ይላል። ይሳቃል።

ዝናብ አልቆ ወባ በሚበረታበት ወቅት በአንዱ እሑድ፣ እስከ ሠላሳኛው ጠርቼ «ይመር» አልኩ። መልስ የለም። ካፖ የዳማውን ቆርኪ እየደረደሩ «መንገድ ላይ ነው» አሉ። አንዱ «ይመርማ እውነትም መንገድ ላይ ነው፤ ጀውሃ ልጁ ዘንድ ሄዶ ይሆናል» አለ። ሌላው «ምሳዋ ይጥማላ!» አለ። ጋሼ ይመር ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ፤ ጀውሃ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላት ዘሀራ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው፤ አልፎ አልፎ ይሄዱላት ነበር። ግምቱ ምክንያታዊ ነበር። ከስማቸው አጠገብ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «መንገድ ላይ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ጋዜጣ አነበብኩላቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘሀራ ከጀውሃ በጭነት መኪና መጥታ ቤታችን በር ላይ ቆመች። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋለች፣ እጇ የሽንኩርት ሽታ አለው፤ ከሥራ ብድግ ብላ ነው የመጣችው።

«አባባ እናንተ ዘንድ ነው?» አለች።

አባቴ ድምፅዋን ሰምተው ቀና አሉ። «አንቺ ዘንድ አይደለም እንዴ ያለው?»

«እኔ ዘንድማ ከመጣ ወር ሊሆነው ነው። እሑድ ክለብ ነበረ?»

አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። በዚያ ሞራ በሸፈነው ዓይን የታየሁትን ያህል በጤነኛ ዓይን ታይቼ አላውቅም።

ያየሁትን እንደ ዘገባ ልጻፈው፤ ሌላ አጻጻፍ አላውቅበትም። የጋሼ ይመር ቤት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። በሩ ከውስጥ አልተቀረቀረም። ሰውዬው ከአልጋውና ከበሩ መካከል ወለሉ ላይ ነበሩ። ካኪ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ሁሉም ቁልፍ ተቆልፏል። ባርኔጣቸው ተቦርሾ አልጋው ላይ ተቀምጧል። አንድ እግራቸው ጫማ አድርጓል፣ የሌላው ጫማ አጠገባቸው ነው። ከግድግዳው ሥር ባዶ የውሃ ጣሳ ተገልብጧል። ከጤና ጣቢያ የመጣው ድሬሰር በርከክ ብሎ አያቸውና «ያለፉት ዛሬ ሌሊት ነው» አለ። ዘሀራ «ኢና ሊላሂ» ብላ ተቀመጠች። የአባቷን ሁለተኛ ጫማ አንሥታ ክሩን መፍታትና ማሰር ጀመረች።

ዛሬ ሌሊት ማለት፣ እሑድ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ወደ እኛ ለመምጣት ሲለብሱ ነው የወደቁት። ሰኞም በሕይወት ነበሩ። ወፍጮው ሰኞ ሲፈጭ ስለዋለ ቢጣሩም አይሰማም። እሑድ ግን ወፍጮ አይሠራም። ከሮቃው እስከ ቤታቸው በእግር ስምንት ደቂቃ ነው። በኋላ ብቻዬን ሄጄ በሰዓት ለክቼዋለሁ።

በዚያው ዕለት ከሮቢ ወንዝ ማዶ ባለው የእስላም መቃብር ቀበርናቸው። ካፖ ከመቃብሩ ራቅ ብለው ኮታቸውን እንደቆለፉ ቆመው ነበር። ሰው ሲበተንም አልተንቀሳቀሱም። ሄጄ ክንዳቸውን ስይዝ «መንገድ ላይ ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

«የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ስም ከመጥራቴ በፊት ቆሜ ተናገርኩ። ተዘጋጅቼበት ነበር። ከእንግዲህ ማንም ለማንም አይመልስ አልኩ። የሌለ ሰው ስሙ ሲጠራ ዝም ይባል። ዝም ከተባለ ከመካከላችን አንዱ ወዲያው ተነሥቶ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይየው። ግምት አይጻፍም፤ የሚጻፈው የታየ ነው።

«ለሞቱትስ?» አሉ ከፖሊሶቹ አንዱ።

«ለእነሱም ዝም ይባላል» አልኩ። «የሚኖሩትንና የሞቱትን ደብተሩ መለየት አለበት።»

ማንም አልተቃወመኝም። ካፖ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ቁጭ ብዬ መጥራት ጀመርኩ። ካፖ፣ «አለሁ።» አባቴ፣ «አለሁ።» ሦስተኛው ስም፣ ዝም። አራተኛው፣ ዝም። አምስተኛው፣ «አለሁ።» ከየስሙ በኋላ ሕጉን አክብሬ ቆም እል ነበር። በዚያ ፋታ የሮቢ ውሃ ይሰማል፤ ዳገቱን የጀመረ መኪና ማርሽ ሲቀይር ይሰማል፤ የሮቃ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ሲል ይሰማል። ከሠላሳ አንድ ስም ሃያው ዝም ነበር። እነዚያ ሰዎች ለስንት ዓመት በየሳምንቱ ጓደኞቻቸውን ሲያስመጡ ከርመው፣ በአንድ ረፋድ ሁሉንም እንደ አዲስ ቀበሩ። «ይመር» ብዬ ስጨርስ አንዱ ባርኔጣውን አንሥቶ ጥላ ፍለጋ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ ሄደ። ዳማ የተጫወተ አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ ዘጠኝ ሰው መጣ። በሕጉ መሠረት የቀሩትን ሄጄ አየኋቸው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። «ወገቤን አሞኝ ነው» አለኝ አንዱ። ሌላው እውነቱን ነገረኝ። «ያንን ዝምታ ደግሜ ልሰማ አልመጣም፣ ልጄ።» ከዚያ ስድስት ሆኑ፤ ከዚያ አራት። በሦስተኛው ወር ሮቃው ሥር የምንቀመጠው ካፖ፣ አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። አግዳሚውን ወንበር የሻይ ቤቱ ባለቤት ለምኖ ወሰደው።

አንድ ቀን ቤት ስንመለስ አባቴ በትራቸውን ደጃፉ ላይ አቆሙና «አሁን ደብተርህ ትክክል ነው» አሉኝ። ምፀት አልነበረበትም። ወደ ውስጥ እየገቡ «እሑድ ግን ማንም አይመጣም» አሉ።

ጋዜጣው መልሶ ጠራኝና ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ዜና ስጽፍ፣ ኋላም የሌሎችን ዜና ሳርም ኖሬያለሁ። ለሪፖርተሮች የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን አየው?» የሚል ነበር። ወጣቶቹ በሌለሁበት «ጋሼ ማን አየው» እያሉ እንደሚጠሩኝ አውቅ ነበር፤ አልተቆጣሁም። በዚህ ጥያቄ ብዙ ስሕተት አስቀርቻለሁ። ያፈረሰውንም አውቃለሁ። ሁለቱን በሚዛን አስቀምጬ የትኛው እንደሚደፋ ለማወቅ ሞክሬ አልተሳካልኝም፤ ስለዚህ ሁለቱንም እንዳሉ አስቀምጣቸዋለሁ። ዛሬ ካፖ በዚያን ጊዜ ከነበሩበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ሰው ስሙ ተጠርቶ ዝም ሲል አሁንም መቀመጥ አልችልም።

አባቴ የሞቱት ክለቡ ከፈረሰ በሁለተኛው ዓመት፣ ዘመኑ ሊገለበጥ ጥቂት ሲቀረው ነው። በሣልስቱ ሰው ከድንኳኑ ከወጣ በኋላ ካፖ ወንድይራድ መጡ። በጣም አርጅተዋል። ኮታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ያ ደብተር አለ?» አሉኝ።

«አለ።»

«ጥራልኝ እስቲ።»

ከአባቴ ሣጥን አውጥቼ አመጣሁት። ትይዩአቸው ተቀምጬ ከላይ ጀመርኩ።

«ወንድይራድ።»

«አለሁ።»

ቁጥር ሁለት ላይ ስደርስ ጣቴን ስሙ ላይ አሳረፍኩ። ካፖ ጠበቁኝ።

«ተፈራ» አልኩ።

«መንገድ ላይ ነው» አሉ።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቢሆንም ወደ ሦስተኛው አለፍኩ። «መንገድ ላይ ነው።» አራተኛው። «መንገድ ላይ ነው።» በሕይወት ያለውንም የሞተውንም አልለዩም፤ ለሁሉም በተመሳሳይ ድምፅ መለሱ፤ አንዳንዱ ላይ ፈገግ ይላሉ፣ አንዱ ላይ «ካራቆሬ ነው፤ ጎማ ፈንድቶበት» አሉ። ሠላሳኛው ድረስ እንደዚያ ሄድን። ገጹ ታች ላይ አንድ ስም ቀረ።

«ይመር» አልኩ።

ካፖ ዝም አሉ።

ደግሜ ልጥራ ወይስ ደብተሩን ልክደን አላወቅሁም። ቀና ብዬ ሳያቸው ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው በእጅጌያቸው ጠረጉ፤ አደረጉት። በትራቸውን ተደግፈው ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ በሦስተኛው ተነሡ።

«ወዴት ነው ካፖ?» አልኳቸው።

«ዝም ካለ ሄዶ ማየት ነው ብለህ አልነበር?» አሉኝ።

በድንኳኑ በር ወጥተው ከሮቢ ማዶ ወዳለው መቃብር የሚወርደውን መንገድ ያዙ። ደብተሩን ዘግቼ ተከተልኳቸው።